ለባሌ ጉዞ የትኛው ካሜራ? ሦስት ምርጫዎች ጎን ለጎን

ካሜራ ልንገዛ ስንወጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው "ስንት ያቀርባል?" ብለን ነው። ቀይ ቀበሮ ፎቶ ለማንሳት ባሌ የሚሄድ ሰው ግን ሁለት ነገር ቢያስቀድም ይሻለዋል። ስንት ኪሎ ልሸከም እችላለሁ? በምን ዓይነት ብርሃንስ ነው የማነሳው? የሳነቲ አምባ ከባሕር ጠለል በላይ 4000 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ጥቂት እንደተራመዳችሁ ትንፋሽ ያጥራል፤ ትከሻ ላይ ያለው ዕቃም ይከብዳል።

የማነጻጽራቸው ሦስት ናቸው። አንደኛው ሌንሱ የማይቀየረው ኒኮን ፒ950 ነው። ሁለተኛው ካኖን አር10 ከ100-400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር (ቁጥሩ ሲጨምር ሌንሱ ሩቁን ይበልጥ ያቀርባል)። ሦስተኛው ያገለገለ ኒኮን ዲ500 ከ200-500 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር።

ፒ950 ወይስ አር10?

በክብደት እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ፒ950 1005 ግራም ነው። አር10 ከነባትሪው 429፣ ሌንሱ 635፣ በድምሩ 1064 ግራም። ልዩነቱ የሚታየው ፎቶው ላይ ነው።

ፒ950 በፉል ፍሬም ስሌት፣ ማለትም ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀብሎ ፎቶውን የሚሠራው ክፍል) የድሮ ፊልም በሚያህል ካሜራ ሲሰላ፣ ከ24 እስከ 2000 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ሰፊውን ሜዳ አንስታችሁ ወዲያው ገደል ማዶ ያለችን ወፍ ማቅረብ ትችላላችሁ። ሌንስ ስለማይቀየር አቧራ በቀላሉ ሴንሰሩ ላይ አያርፍም። ፀሐይ ወጥታ እንስሳው ቆም ካለ ውጤቱ ደስ ይላል። ስሜን ተራሮች ጨነቅ አካባቢ ገደል ላይ ለቆመ ዋልያ በጣም ምቹ ነው።

ችግሩ ሴንሰሩ ትንሽ መሆኑ ነው። የአር10 ሴንሰር በስፋት ከ10 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ማለዳ ላይ ብርሃኑ ገና ሳይጠነክር የፒ950 ፎቶ ይሻክራል፤ የቀበሮው ፀጉር እርስ በርሱ ይደበላለቃል።

ፍጥነትም አለ። ቀበሮው ፍልፈል ሲያድን አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። ጉድጓዱ አጠገብ ደረቱን መሬት አስነክቶ ያደባል። ጆሮው ቀጥ ይላል። ደቂቃዎች ያልፋሉ። ከዚያ ድንገት ይዘላል፤ አለቀ። ፒ950 በሰከንድ 7 ፎቶ ያነሳል፤ 10 ሲሞላ ግን ካርዱ ላይ እስኪጽፍ ያስጠብቃችኋል። አር10 በሰከንድ 15 ያነሳል። የእንስሳውን ዓይን ራሱ ፈልጎ ፎከስ ይይዛል።

"2000 ሚሊ ሜትር እያለ 400 ምን ያደርግልኛል?" የሚል አይጠፋም። በአር10 ሴንሰር 400ው እንደ 640 ነው የሚሠራው። ደግሞ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ ይርገበገባል፤ ሩቅ ያለው እንስሳ ውሃ ውስጥ የቆመ ይመስላል። ይህን የትኛውም ሌንስ አያስተካክለውም። መፍትሔው በጠዋት መውጣት ነው። መኪና ውስጥ ሆናችሁ ጠብቁ እንጂ ፎቶ ብላችሁ ቀበሮውን አታሳድዱት። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም።

አር10ም ጉድለት አለው። ሌንሱ 400 ላይ ሲደርስ ቀዳዳው ኤፍ 8 ስለሚሆን (የኤፍ ቁጥር ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል) የሚያስገባው ብርሃን ትንሽ ነው። ካሜራውም ሌንሱም ለዝናብ አልተሠሩም፤ ላስቲክ ከረጢት ያዙ። ባትሪው ትንሽ ነው፤ የሳነቲ ብርድ ደግሞ ቶሎ ይጨርሰዋል። ሁለት ትርፍ ባትሪ ጃኬታችሁ ውስጥ፣ ሰውነታችሁ አጠገብ ይኑር። ለመልክዓ ምድርና ለሰው ፎቶ ሌላ ሌንስ ያስፈልጋል፤ የካኖን 18-150 ሚሊ ሜትር ሌንስ 310 ግራም ብቻ ስለሆነ አይከብድም። ይህ ሁሉ ሆኖ የራሴን ገንዘብ የማወጣው አር10 ላይ ነው።

ዲ500 ለማን?

መኪና ላለው። ካሜራው 860፣ ሌንሱ 2300 ግራም ነው። ከ3 ኪሎ ያልፋል፤ አንገት ላይ አንጠልጥሎ የሚዞሩበት አይደለም። በምትኩ ሌንሱ እስከ 500 ድረስ ኤፍ 5.6 ነው። ከኤፍ 8 ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ባሌ ውስጥ ዲንሾ ላይ ጽድ ሥር ጥላ ውስጥ የቆመ የደጋ አጋዘን ስታነሱ ጥቅሙን ታዩታላችሁ። አንድ ባትሪ ከ1000 ፎቶ በላይ ይቆያል። ካሜራው አቧራና ጠብታ ይችላል።

ዲ500 እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ነው፤ ኒኮን ማምረቱን እ.ኤ.አ. በ2022 አቁሟል። ስለዚህ የምታገኙት በአብዛኛው ያገለገለ ነው፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ያገለገለ ሌንስ ገዝቼ ማታ ቤት በስልኬ መብራት ሳየው ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ሻጋታ ተዘርግቶበታል። ሻጩ ስልክ ማንሳት አቆመ። እናንተ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የሌንሱን ሁለት ክዳን ክፈቱና መብራት አብሩበት። ዙሙን አዙሩ፤ አሸዋ የገባበት ይመስል ከተንኮሻኮሸ ተዉት። ነጭ ግድግዳ በኤፍ 16 አንሱና ፎቶውን አቅርባችሁ እዩ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ቆሽሿል። ሹተሩ (ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) ስንት ጊዜ እንደሠራም ጠይቁ። የዲ500 ሹተር የተፈተነው ለ200000 ጊዜ ነው፤ 180000 ያለፈውን በአዲስ ዋጋ እንዳትገዙት።