እምቧይ ነው የተባለውን ቃሪያዬን ላተረፈልኝ የችግኝ ልጅ

ደሴዎች፣ ዛሬ ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት። ከረዘመባችሁ ይቅርታ።

ግቢያችን የነበረ ተከራይ ሲለቅ በቀለም ቆርቆሮ የተተከለ ችግኝ ጥሎልን ሄደ። "ቃሪያ ነው" አለኝ፣ አበቃ። ኋላ ብደውልለት ስልኩ አይሠራም። ጓሮ ወስጄ ተከልኩት። አደገ አደገና ደረቴ ደረሰ። አበባው ወይን ጠጅ! የቃሪያ አበባ ነጭ አይደል እንዴ? ፍሬው ድብልብል፣ ሲበስል ደግሞ ቢጫ። አማቴ ገና ሲያዩት "ኧረ እምቧይ ነው! ልጆቹን ይፈጅብሻል" አሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ይንካው። ልጆቼን ከጓሮ ሳባርር ክረምቱ አለቀ።

ቅጠሉን ይዤ አንድ የእርሻ መድኃኒት የሚሸጥ ቤት ሄድኩ። ቅጠሉ ፀጉር ፀጉር አለው። ሰውየው ከስልኩ ቀና ሳይል "ሻጋታ ነው" ብሎ የ400 ብር መድኃኒት አሸከመኝ። ረጨሁ፣ ፀጉሩ እዚያው። ሌላ ቦታ ደግሞ "ዲቃላ ነው፣ ሌላውን ቃሪያሽን ሳያበላሽ ንቀይው" ተባልኩ፤ እንዴት ብዬ ብጠይቅ ተሳቀብኝ። እናንተዬ፣ አላውቅም ማለት ምን ያቅታል? ስልኬም ፎቶውን አይቶ አንዴ ቲማቲም፣ አንዴ ደበርጃን አለኝ።

ዶማ አንስቼ ነበር። ጎረቤቴ ናት "ቆይ፣ ወደ ሐይቅ መውጫ ችግኝ የሚያፈላ ልጅ አለ" ያለችኝ። ቅርንጫፉን ከነፍሬው በፌስታል ይዤ ሄድኩ።

ልጁ መጀመሪያ የእጁን ጭቃ ታጠበ። አበባውን አየ፣ ቅጠሉን ዳሰሰ፣ ምላጭ አምጥቶ ፍሬውን ለሁለት ከፈለው። ከዚያ ሳቀ። የፌዝ አይደለም፣ የጠፋበትን ዕቃ እንዳገኘ ሰው ነው የሳቀው። ዘሩን መዳፉ ላይ አራግፎ አሳየኝ። ጥቁር! ልክ ጥቁር አዝሙድ። "አብሽሪ እትዬ፣ መርዝ አይደለም። ሮኮቶ የሚባል ቃሪያ ነው" አለኝ። የዚያን ቀን "አብሽሪ" ስትጣፍጥ!

አገሩ ፔሩና ቦሊቪያ ነው፣ ተራራ ላይ። ብርድ ይስማማዋል፣ ለዚህ ነው ደሴ ላይ እንዲህ የፋፋው። ከኛ ቃሪያ ጋር አይዳቀልም። ፀጉሩም በሽታ ሳይሆን ተፈጥሮው ነው፣ የሳይንስ ስሙ ራሱ ፀጉራም ማለት ነው አለኝ፤ ስሙን እንኳ ባጃጅ ውስጥ ረሳሁት። በዓመቱ አትንቀይው፣ ብዙ ዓመት ይኖራል ብሎኛል። ፔሩ ውስጥ ሥጋ ሞልተው ይበሉታል ሲለኝ "እንደኛ ስንግ ማለት ነዋ!" አልኩት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳይሰለች አስረድቶኝ ብር ብሰጠው እምቢ አለ። እጅሽን ሳትታጠቢ ዓይንሽን እንዳትነኪ ብሎኝም ነበር፤ ነካሁ፣ አለቀስኩ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

አማቴ አሁን ያለሱ ሽሮ አይበሉም። አንዱን ፍሬ ለሦስት ቀን ነው የሚያብቃቁት፣ ያቃጥላላ!

እና እባካችሁ፣ የማታውቁት ተክል ካለ ከመንቀላችሁ በፊት እሱ ጋ ሂዱ። መድኃኒት ከመግዛታችሁም በፊት ሂዱ። ዕድሜና ጤና ይስጠው፣ አላህ ይጨምርለት። ከኔው ፍሬ ያፈላቸው ችግኞችም አሉት። የደሴና የኩታበር ሰዎች ውሰዱ፤ የባቲና የከሚሴዎች ግን አትልፉ፣ ሙቀት ላይ አበባው ይረግፋል ብሏል።