ለልጅ ልጄ የገዛሁት የተረት መጽሐፍ

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከሚገኝ አንድ መደብር ለአምስት ዓመት የልጅ ልጄ የገዛሁት የጦጣና የጅብ ተረት መጽሐፍ የሁለታችንንም ልብ ወስዷል፤ ጅቡ በተታለለ ቁጥር «ጉዴ ፈላ!» እያለ ስለሚጮኽ፣ ሕፃኑ ቃሉን ከአፌ እየነጠቀ አብሮኝ ይተርካል። ፊደሉ ጉልህ፣ የየገጹም ጽሑፍ ከአራት መስመር የማይበልጥ በመሆኑ ያለ መነጽር አነብበዋለሁ፤ ይህ ለአያት ቀላል ነገር አይደለም። የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ «አለ» የሚለው «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» ለመለየት አንባቢው ዐረፍተ ነገሩን አስቀድሞ ማየት ይኖርበታል፤ ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት እዚያው ቆሜ ሁለት ገጽ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አንብቤ ነበር፤ አንድም ቦታ አላደናቀፈኝም። ጉድለቱ ጥራዙ ነው፤ በሁለት ቀጭን ሽቦ ብቻ ስለተያያዘ በሳምንቱ ተገነጣጠለ። በማብቂያው የተጨመረውን የግማሽ ገጽ ምክር ግን ሁልጊዜ እንዘለዋለን።