«የፋይበር ሞደም ነው» ስለተባላችሁ ብቻ ብር እንዳታወጡ

የቤት ኢንተርኔት ሞደም በኪራይ የምትጠቀሙና «የራሴን ልግዛና ልገላገል» ብላችሁ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ባለፈው ወር 4,200 ብር ተበልቻለሁ። ሌላ ሰው እንዲበላ አልፈልግም።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ተከራይቼ። ኢንተርኔቱ ፋይበር ነው። መስመሩ የወጣው በአከራዬ ስም ነው፣ ሞደሙም የእሳቸው ነው። ስለዚህ ከቤት ኪራዩ ሌላ በየወሩ 300 ብር የሞደም እከፍላለሁ። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሳሰላው በሁለት ዓመት 7,200 ብር ሆኗል። ደነገጥኩ። በዚህ ብር የራሴን ገዝቼ ይተርፈኝ ነበር ብዬ በማግስቱ ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድኩ።

ሻጩ ትሁት ልጅ ነው። «እህቴ፣ መስመርሽ ፋይበር ነው? ይኸውልሽ። ሰክተሽ መጠቀም ብቻ ነው» አለኝ። ነጭ ሳጥን ነው፣ ሁለት አንቴና አለው፣ ከሥሩ የፋይበር መሰኪያ። ቤት ካለው ጋር ቁርጥ አንድ ዓይነት። ካርቶን የለውም፣ ያገለገለ ነው። ደረሰኝ ስጠይቅ «በደረሰኝ ከሆነ ይጨምራል» አለ። ዝም አልኩ። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልነበረብኝም።

ወደ ቤት ስመለስ መጀመሪያ ያደረግኩት የአከራዬን ሞደም ነቅዬ መመለስ ነው። «እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ የራሴ አለኝ» ብዬ አስረከብኳቸው። ከዚያ አዲሱን ሰካሁ። ኃይል ያዘ። የዋይፋዩ ስምም ስልኬ ላይ መጣ። ኢንተርኔት ግን የለም። ከፋይበር መስመሩ ጋር መገናኘቱን የሚያሳየው «ፖን» የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ ረግቶ አይበራም። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ሪሴት አደረግኩ። ምንም። ሦስት ቀን ሥራዬን በስልክ ዳታ ሠራሁ።

በመጨረሻ የመጣው ቴክኒሻን ሳጥኑን ገልብጦ ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበበና «ይሄ እኮ ኢፖን ነው። የእናንተ መስመር ጂፖን ነው» አለኝ። እኔ ልዩነቱን በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የፋይበር ኢንተርኔት በብዛት ከሁለቱ በአንዱ ነው የሚሠራው። ክሩ አንድ ዓይነት ነው፣ መሰኪያውም ሊመሳሰል ይችላል። የሚነጋገሩበት ቋንቋ ግን ይለያያል። የኢፖን ሳጥን በጂፖን መስመር ላይ ዓመት ቢቆይ አይሠራም። ሁለቱንም የሚችሉ ኤክስፖን የሚባሉ አሉ፣ የእኔ ግን ያ አልነበረም።

ቴክኒሻኑ ቀጥሎ የነገረኝ ደግሞ ይበልጥ አሳዘነኝ። ሳጥኑ ጂፖን ቢሆንም ኖሮ ዝም ብሎ አይሠራም። አገልግሎት ሰጪው እያንዳንዱን የፋይበር ሞደም በሴሪያል ቁጥሩ ወይም በይለፍ ቃል ያውቀዋል። አዲሱ ካልተመዘገበ መስመሩ አይቀበለውም። ምዝገባውን የሚጠይቀው ደግሞ መስመሩ በስሙ ያለ ሰው ነው። እኔ ተከራይ ነኝ። አከራዬ ካልጠየቁልኝ በቀር ማንም አይሰማኝም። «ሰክተሽ መጠቀም ብቻ ነው» ያለኝ ልጅ ይህን ሳያውቅ ይቀራል ብዬ አላስብም።

ስለዚህ መጀመሪያ መስመራችሁ ምን እንደሆነ እወቁ። ቀጭን የብርሃን ክር ከገባ ፋይበር ነው፣ በስልክ ሽቦ ከመጣ ኤዲኤስኤል ነው። አሁን ያለውን ሞደም ገልብጡና የጀርባውን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። መስመራችሁ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ደውላችሁ የራሴን ባመጣ ይመዘገብልኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የመስመሩን ዩዘርኔምና ፓስወርድም ያዙ። ኤዲኤስኤል ላይ ያላችሁ በተለይ ይህን ሳትይዙ አሮጌውን ሪሴት አታድርጉ፣ ውስጡ ያለው ይጠፋባችኋል።

ሞደምና ራውተርም አንድ አይደሉም። ሞደሙ ከመስመሩ ጋር ይነጋገራል፣ ራውተሩ ኢንተርኔቱን ለቤቱ ያከፋፍላል። ዛሬ ብዙ ጊዜ በአንድ ሳጥን ስለሚመጡ ይምታታብናል። ችግራችሁ ዋይፋዩ መኝታ ቤት አለመድረሱ ብቻ ከሆነ ሞደሙን አትንኩት። ተራ ራውተር ግዙና ከሞደሙ «LAN» (ላን) ከሚለው ቀዳዳ ወደ ራውተሩ «WAN» (ዋን) ወደሚለው ቀዳዳ ኬብል ዘርጉ። ለዚህ ምዝገባም የአከራይ ፈቃድም አያስፈልግም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው «300 ሜጋ» ግን አያታልላችሁ። እሱ የዋይፋዩ የወረቀት ፍጥነት ነው፣ የብዙዎቹ የኬብል ቀዳዳ ራሱ ከ100 አያልፍም። የከፈላችሁት ፓኬጅ 10 ሜጋ ከሆነ የምታገኙት 10 ነው።

ያገለገለ ከገዛችሁ ቻርጀሩንም ተመልከቱ። ሳጥኑ 12 ቮልት እያለ የ9 ቮልት ቻርጀር አብሮ ይሸጣል። ሲም ካርድ የሚገባባቸው ሞደሞች ደግሞ የውጭ አገር ኦፕሬተር የቆለፋቸው ሊሆኑ ስለሚችሉ የራሳችሁን ሲም ሱቁ ውስጥ አስገብታችሁ ሞክሩ።

ወደ ሱቁ ተመልሼ ነበር። ሻጩ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት አሳየኝ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። እኔ ግን ከዚያ ሱቅ መግዛቴን የሚያሳይ ወረቀት የለኝም። «ይጨምራል» ያለኝ ጭማሪ ለዚህ ቀን ነበር። ጨምራችሁም ቢሆን ደረሰኝ ተቀበሉ፣ «ለጂፖን ፋይበር መስመር» ብሎም ይጻፍበት።

እትዬ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ሞደማቸውን መልሰው ሰጡኝ። 300 ብሩን አሁንም እከፍላለሁ። የራሴን ትክክለኛ ሞደም ባመጣ ይመዘገብልኝ እንደሆነ በሚቀጥለው ወር አብረን ሄደን እንዲጠይቁልኝ ተስማምተናል። የማይሠራው ሳጥን ቤት ተቀምጧል። ልደታ አካባቢ ያላችሁ ከሱቅ ሞደም ልትገዙ ካሰባችሁ ጻፉልኝና የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ ልላክላችሁ፤ ሱቅ ስትገቡ የቱን መሸሽ እንዳለባችሁ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።