ባለ ሚል መስመሩ 7×50 ባይኖኩላርና ባለ ዙሙ ቴሌስኮፕ፦ ለስሜን ተራሮች የቱ ይሻላል?

ከጎንደር ተነስቶ በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ለሚወጣ አስጎብኚ፣ እንስሳት ቆጣሪ ወይም ፎቶ አንሺ ሁለት መሣሪያዎች ይመከሩለታል። አንዱ በአንደኛው ዓይን በኩል «ሚል» በሚባል የማዕዘን መለኪያ የተከፋፈለ መስመር ያለው 7×50 ባይኖኩላር ነው፤ 7 እጥፍ ያጎላል፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር ነው። ሌላው 20–60×80 ባለ ዙም፣ ባለ አንድ ዓይን ቴሌስኮፕ ነው። ርቀት ለመለካትና ማለዳ ገደሉን ለማሰስ 7×50ን የሚያህል የለም። የዋልያን ቀንድ ጠጋ ብሎ ለማየት ደግሞ ቴሌስኮፑ ያስፈልጋል። ሁለቱን በአንድ እተካለሁ ብሎ ባለ ዙም ባይኖኩላር የሚገዛ ሰው ግን ገንዘቡን ያባክናል፤ ዙሙ በተነካ ቁጥር የሁለቱ ዓይን ምስል ይለያያል፣ እይታውም ይጠብባል።

መጀመሪያ ስለ ሚሉ። አንድ ሚል በ1,000 ሜትር ርቀት ላይ 1 ሜትር፣ በ100 ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ይሸፍናል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የሚታየውን ነገር ቁመት በሜትር በ1,000 ያባዙ፣ በሚሉ ቁጥር ያካፍሉ። ሳንቃበር ካምፕ አጠገብ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ 1.70 ሜትር ሰው 5 ሚል ከሞላ 340 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው።

ስሌቱ ቢቀልም ንባቡ ያስቸግራል። የአዋቂ ወንድ ዋልያ ትከሻ ከመሬት 1 ሜትር አካባቢ ነው፤ በ400 ሜትር ላይ 2.5 ሚል ብቻ ይሆናል። የአብዛኞቹ 7×50 መስመሮች የተከፈሉት በ5 ሚል ስለሆነ፣ ያ የአንድ ክፍል ግማሽ ነው። በንባቡ ግማሽ ሚል ከተሳሳቱ መልሱ ከ333 እስከ 500 ሜትር ይዋዥቃል። ያው ዋልያ 200 ሜትር ላይ ቢሆን ግን 5 ሚል ይሞላል፤ ተመሳሳይ ስህተት ከ182 እስከ 222 ሜትር ያደርሳል። ስለዚህ በሩቁ እንስሳውን ከመለካት ይልቅ አጠገቡ ያለውን ትልቅ ነገር፣ ቁመቱ የታወቀ ጎጆ ወይም የካምፕ ድንኳን፣ መለካት ይሻላል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው የገደሉ ነገር ነው። በግጭና በጨነቅ ካምፖች አካባቢ እንስሳቱ አዘውትረው የሚታዩት ከላይ ወደታች ነው። ቁልቁል ሲያዩት የቆመ ነገር አጥሮ ስለሚታይ ስሌቱ ርቀቱን ያጋንናል። ቁልቁለቱ 30 ዲግሪ ከሆነ መልሱን በ0.87፣ 45 ዲግሪ ከሆነ በ0.7 ያባዙ። ወይም እንስሳው ጎኑን ሲሰጥዎ በቁመቱ ፋንታ በርዝመቱ ይለኩ፤ አግድም ርዝመት በቁልቁለት አያጥርም።

አሁን ወደ ዙሙ። አንዳንድ ቴሌስኮፖች የሚል መስመር አላቸው፣ ሻጩም «ርቀት ይለካል» ይላል። ይለካል፤ ግን በሁሉም ዙም አይደለም። መስመሩ ከዙሙ ሌንሶች ኋላ፣ ወደ ዓይን በኩል ከተቀመጠ፣ ምስሉ ሲያድግ መስመሩ ባለበት ይቀራል። በ20 ላይ ትክክል የሆነ መለኪያ 40 ላይ ሲደርስ እያንዳንዱ ክፍል የሚለካው ግማሹን ብቻ ነው። ይህን የረሳ ሰው 600 ሜትር ላይ ያለውን ዋልያ 300 ሜትር ላይ ነው ብሎ ይመዘግባል። መስመሩ ከዙሙ ፊት የተቀመጠበት ሥሪትም አለ፤ እዚያ መስመሩና ምስሉ አብረው ስለሚያድጉ ንባቡ በሁሉም ዙም ይሠራል፣ 60 ላይ ግን መስመሩ ወፍሮ ትንሹን ነገር ይሸፍናል። የቱ እንደሆነ ለማወቅ ወደ አንድ መስኮት አነጣጥረው ዙሙን ያዙሩ፦ መስኮቱ የያዘው የክፍሎች ብዛት ከተለወጠ መስመሩ ኋላ ነው፣ ካልተለወጠ ፊት ነው።

ወደ ተራራው ከመውጣት በፊት ጎንደር ላይ ሊደረግ የሚገባው ፈተና ይኸው ነው። ልክ 1 ሜትር የሆነ ዘንግ ቀጥ አድርገው ያቁሙ። ከዘንጉ 50 ሜትር በሜትር ለክተው መሣሪያውን በማቆሚያ ላይ ያድርጉ። ዘንጉና መስመሩ እኩል ጠርተው እስኪታዩ ድረስ ፎከሱን ያስተካክሉ፤ ጭንቅላትዎን ሲያንቀሳቅሱ መስመሩ በዘንጉ ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ፎከሱ ገና ነው። ዘንጉ 20 ሚል መሙላት አለበት። በቴሌስኮፑ ላይ 20 ሚል የሚነበብበትን የዙም ቦታ ፈልገው ቀለበቱ ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት ያድርጉ፤ ርቀት ሲለኩ ሁልጊዜ ወደዚያ ምልክት ይመልሱት። ንባቡ 19 ከሆነ መስመሩ ክቡን በ6,000 የሚከፍለው የድሮው የሶቪየት መለኪያ ሊሆን ይችላል። አሮጌዎቹ የሶቪየት ወታደራዊ 8×30 ባይኖኩላሮች እንዲህ ናቸው፤ ርቀቱን 5 በመቶ ያህል ያበዙታል። ለዱር እንስሳት ሥራ ይህ አያሳስብም፣ ግን ይታወቅ።

የ7×50 ትልቁ ጸጋ ብርሃን ነው። 50ን ለ7 ሲያካፍሉ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ 7 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ጭላዳዎች ከገደል ወደ ሣሩ በሚወጡበት ማለዳ ጥላ ውስጥ ያለው ሁሉ ይለያል። ቴሌስኮፑ በ20 ላይ 4 ሚሊ ሜትር፣ በ60 ላይ ግን 1.3 ብቻ ይሰጣል፤ ይጨልማል። ረፋዱ ላይ ድንጋዩ ሲሞቅ አየሩ ስለሚንቀጠቀጥ 60 ላይ የሚታየው ነገር ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ይህን ውድ ሌንስም አያስተካክለውም፤ ወደ 25 ወይም 30 መመለስ ነው። ለነፋሱ ደግሞ የማቆሚያውን መካከለኛ ዘንግ አያውጡት፣ ቦርሳዎን ከሥሩ ያንጠልጥሉበት።

7×50 እንከን የለሽ አይደለም። አንድ ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን አንገት ያደክማል። ፎከሱ ለየዓይኑ ለብቻ የሚዞር ከሆነ፣ ሩቅ ላይ አንዴ ካስተካከሉት ሳይነኩ ይውላሉ፣ ዐሥር እርምጃ ላይ ለሚግጥ ጭላዳ ግን ሁለቱንም እንደገና ማዞር አለ። በጎብኚዎች እጅ ሲዞርም እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ዓይን ስለሚያስተካክለው ለእርስዎ ዓይን የሚስማማውን የፎከስ ቁጥር በሁለቱም በኩል አስታውሰው ይያዙ።

ጎንደር ፒያሳ ወይም አራዳ ገበያ ላይ ሲገዙ የሳጥኑን ጽሑፍ አይመኑ። «50×50» የሚል ተጽፎ ካዩ ባይኖኩላሩን ከዓይንዎ አርቀው ወደ ሰማይ ያዙትና በዓይን መመልከቻው ላይ የሚታየውን የብርሃን ክብ በማስመሪያ ይለኩ። 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ የፊቱን ሌንስ 50 ለ6 ያካፍሉ፤ እውነተኛው ማጉያ 8 ያህል ነው። ክቡ ጠርዙ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ከመሰለ ፕሪዝሙ፣ ማለትም ውስጡ ብርሃኑን የሚያዞረው መስታወት፣ ርካሽ ነው። መስታወቱ እንደ መስተዋት ደማቅ ቀይ የሚያንጸባርቅ ከሆነ ይተዉት፤ ብርሃን ይቀንሳል። ከዚያ ከሱቁ ውጡና የፋሲልን ግንብ ማማ ጠርዝ ወይም የመብራት ሽቦ ይመልከቱ፦ ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም ጥቂት ደቂቃ አይተው ግንባርዎን ከያዘዎ በርሜሎቹ አልተገጣጠሙም፤ ያን በቤት ማስተካከል አይቻልም። በመጨረሻ የስልክ ባትሪ ከፊት በኩል አብርተው ውስጡን ይዩ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ሻጋታ ነው።

ሻጋታው የሚመጣው በክረምት ነው። ናይትሮጅን የተሞላና ውሃ የማያስገባ ዓይነት ውስጡ ይጠበቃል፤ ሌላው ግን እርጥብ ቦርሳው ውስጥ ተዘግቶ ማደር የለበትም። ደርቆ፣ እርጥበት ከሚመጥጡ ከረጢቶች ጋር በሚከደን ዕቃ ይቀመጥ። አቧራውን መጀመሪያ በአየር መንፊያ ያራግፉ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ፣ መጨረሻ ላይ በሌንስ ጨርቅ። በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ መጥረግ የደባርቅን መንገድ አቧራ እንደ ብርጭቆ ወረቀት በሌንሱ ላይ ማሸት ነው፤ ሽፋኑ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።