የአባቴን የዋንዛ ሳህን ላዳኑልኝ ጋሼ

ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ለምትኖሩ፣ እንጨት በወጉ የሚጠግን ሰው ላጣችሁ ነው የምጽፈው።

አባቴ ጅማ እያለ በቶርኖ ያወጣው ጎድጓዳ የዋንዛ ሳህን አለኝ። ቤታችን ቡና ሲፈላ ቆሎ የሚቀርበው በእሱ ነው። አምና ወድቆ ጠርዙ ተሰረጎደ። ሌላ ቀን ደግሞ እርጥብ የቆርቆሮ ጣሳ አድሮበት ውስጡ ላይ ጥቁር ክብ ቀረ። አንድ ቤት ወስጄ አሠራሁት። በማሽን ፈትገው ቫርኒሽ ደፉበት። እዚያ እያለሁ ሲያብረቀርቅ ደስ ብሎኝ ነበር። ቤቴ መስኮት ስር ሳስቀምጠው ግን ጭረቱ ዙሪያውን እንደ ሙዚቃ ሸክላ መስመር ወጣ። ስርጉዱም ክቡም አልተነኩም። አለቀስኩ።

ጋሼን የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። ሳህኑን ተቀብለው መጀመሪያ ያደረጉት መብራት ማጥፋት ነው። የስልኬን ባትሪ ከጎን አብርተው ቀስ እያሉ አዞሩት። "አየሽ ልጄ፣ በሸካራው ብርጭቆ ወረቀት ጭረውት፣ መካከለኛውን ወረቀት ዘለው ወደ ለስላሳው ሄደዋል" አሉኝ።

ቫርኒሹን በስለት ፋቁት። ከዚያ ስርጉዱ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርገው ትኩስ ካውያ ጫኑበት። ጭሽ አለ። ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። በጣቴ ብዳስስ ስርጉዱን አጣሁት! እንጨቱ ተጨፍልቆ እንጂ ተቆርጦ ስላልነበር እንፋሎቱ መልሶ አሳበጠው። ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ አይመለስም ነበር።

ጭረቱን ያጠፉት በእጃቸው ነው። ከሸካራው 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምረው ወደ ለስላሳው፦ 180፣ 240፣ 320፣ አንዱንም ሳይዘሉ፣ የእንጨቱን ክር እየተከተሉ። መሀል ላይ በውሃ አረጠቡት፤ የተኛው የእንጨቱ ጸጉር ተነሥቶ ሲደርቅ እንደገና አለሰለሱት።

ጥቁሩን ክብ በሎሚ አሹት። ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም። ብረትና ውሃ እንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኙ ያጠቁራሉ፣ ጠልቆም ይገባል። እኔ "እስኪጠፋ ይፋቅልኝ" አልኩ። እምቢ አሉ። "ግድግዳው ይሳሳል። አባትሽ ያወጡትን ቅርጽ አላበላሽም።" ሙሉ በሙሉ ያመንኳቸው ያኔ ነው። ገንዘብ ከፍዬ ሳለሁ እምቢ የሚለኝ ባለሙያ ብዙ አላጋጠመኝም።

መጨረሻ ላይ ንጹህ የተልባ ዘይት ቀቡት። ሲደርቅ ሁለት ሳምንት ገደማ ወሰደ፣ ታገሱ። የምግብ ዘይት ወይም ቅቤ እንዳልቀባው አስጠነቀቁኝ፤ በደንብ አይደርቅም፣ ይበላሽና ይሸታል። ሌላም ነገር ነገሩኝ፣ ይሄን ልብ በሉ፤ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ ራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። እሑድ ዕለት ቆሎው በአባቴ ሳህን ቀረበ፤ እናቴ ደብዛዛውን ክብ እየዳሰሰች ቡናዋን ጠጣች።

ስልካቸው አደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም። እንጨት የምታስጠግኑ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ሥራ ስለሚበዛባቸው ግን ለበዓል የሚደርስ ከሆነ ቀደም በሉ።