ኖክቱዋ ኤንኤፍ-ኤ12ኤክስ25 ባለ 5 ቮልት፦ ለታፈነ የቲቪ ቡፌ

ዲኮደር፣ ራውተርና አምፕሊፋየር በአንድ የተዘጋ ሳጥን ሲታጨቁ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ይህ ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን በደቂቃ 1900 ዙር እየዞረም ድምፁ ዝቅተኛ ነው። ቡናማ ቀለሙ አያምርም፤ ደግነቱ ከኋላ ስለሚገጠም ማንም አያየውም።

ሲገዙ ካርቶኑ ላይ 5 ቮልት መጻፉን ያረጋግጡ። ባለ 12 ቮልቱ በመልክ አንድ ነው፤ በዩኤስቢ ሲሰካ ግን ይለግማል። ባለ 5 ቮልቱን 12 ቮልት ላይ መሰካት ደግሞ ማቃጠል ነው።

ቦታው የጀርባው ኮምፐርሳቶ ላይ፣ ከላይ በኩል ነው። 114 ሚሊሜትር ክብ ይቁረጡ፤ የብሎን ቀዳዳዎቹ ከመሃል እስከ መሃል 105 ሚሊሜትር ይራራቃሉ። አብረውት የሚመጡት የጎማ ማሰሪያዎች የተሠሩት ለቀጭን የኮምፒውተር ቆርቆሮ ነው፤ ለእንጨት ኤም4 (ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር የሆነ) ባለ 40 ሚሊሜትር ብሎን ከነዳዶው ይሻላል። አየሩ የሚወጣው ተለጣፊው ጽሑፍ ባለበት ፊት ነውና ያ ፊት ወደ ውጭ ይዙር፤ ከግድግዳውም ጥቂት ሴንቲሜትር ይራቅ።

ብዙ ሰው የሚረሳው የአየር መግቢያውን ነው። ከታች በኩል ቢያንስ 100 ካሬ ሴንቲሜትር ክፍት ቦታ ከሌለ ፋኑ በከንቱ ይዞራል። አጠገቡ ያለ የገመድ ቀዳዳም ይደፈን፤ አለዚያ የወጣው ሙቅ አየር ተመልሶ ይገባል።

የሙቀት መቆጣጠሪያ የለውም። ከቲቪው ዩኤስቢ ከሰኩት ብዙ ጊዜ ከቲቪው ጋር አብሮ ይጠፋል፣ ዲኮደሩ ግን መሞቁን ይቀጥላል፤ ተራ የሞባይል ቻርጀር ይበቃዋል። ከሌሎች ፋኖች ሲተያይ ውድ ነው፤ ዋስትናው ግን 6 ዓመት ነው።