ነጩ የኤምዲኤፍ ዞኮሎ፦ ከአንድ ዓመት በኋላ

ቤታችን ላሚኔት (እንጨት መሰል የወለል ንጣፍ) ሲነጠፍ ዞኮሎውን፣ ማለትም ግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የሚገጠመውን ጠርዝ፣ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ቁመቱ 10 ሳንቲሜትር የሆነ፣ ነጭ የተቀባ ኤምዲኤፍ፣ ተጨምቆ የተሠራ የእንጨት ጣውላ። ከተገጠመ ዓመት አልፎታል። እየወለወልኩ፣ ሶፋ እየጎተትኩ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ሳሎን ላይ ወድጄዋለሁ። ዞኮሎ ከመግባቱ በፊት ክፍሉ ያላለቀ ሥራ ይመስል ነበር። ላሚኔት እርጥበትና ሙቀት ሲለዋወጥ ስለሚሰፋና ስለሚጠብ፣ ከግድግዳው ወደ 1 ሳንቲሜትር ተርቆ ነው የሚነጠፈው። ክፍተቱ ዙሪያውን አፉን ከፍቶ ይታያል። ዞኮሎው ሲገጠም ግን የግድግዳውና የወለሉ መስመር ጥርት ብሎ ወጣ። ብቻ ምስማሩ ግድግዳው ላይ ይመታ፤ ወለሉ ከተቸነከረ መላወሻ ያጣል።

የልጆች ብስክሌት ገጭቶት ሁለት ቦታ ጎድጉዷል። በስቱኮ ሞልቼ ቀባሁት፤ አሁን ቦታውን ራሴም አላገኘውም። የጫማ እድፍ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል።

ኩሽና ላይ ግን አዘንኩ። ያንኑ ነበር ያስገባሁት። በስድስት ወሩ ከማጠቢያው አጠገብ ያለው እንደ ራሰ ዳቦ አበጠ። ነቅዬ ገልብጬ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ፊቱ ተቀብቷል፤ የታችኛው ጠርዝ ግን ባዶውን ነው። ኤምዲኤፍ ከላመ የእንጨት ቃጫና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ስለሆነ፣ ያልተቀባ ጠርዙ የመወልወያውን ውሃ ይመጥጣል። አንዴ ካበጠ ደርቆም ወደ ቦታው አይመለስም። ሻጩ ስለዚህ አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ ይህ አሁንም ያናድደኛል።

እዚያ በፒቪሲ ቀየርኩት። ቀረብ ብለው ሲያዩት ፕላስቲክነቱ ያስታውቃል፤ ውሃ ግን ምንም አያደርገውም። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ሴራሚኩን ራሱን ቆርጦ ዞኮሎ ማድረግ ከሁለቱም ይሻላል ባይ ነኝ።

ማዕዘኖቹን ባለሙያው ሁሉንም በ45 ዲግሪ ቆረጣቸው። ግን ልክ 90 ዲግሪ የሆነ የግድግዳ ማዕዘን ስንት ቤት ይገኛል? ሁለቱ ጋ ቀጭን ክፍተት ቀረ። በአክሪሊክ ማሸጊያ ደፍኜ ቀባሁት። በተለመደው ሲሊኮን እንዳትደፍኑ፤ ቀለም አይዝለትም።

ለመኝታ ቤቱም ያንኑ ኤምዲኤፍ ገዝቻለሁ። አሁን ግን የታች ጠርዙን ራሴ ሁለት ጊዜ ቀብቼ ግድግዳ አስደግፌዋለሁ። ሲደርቅ ይገጠማል።